አቤት የምንለው ለማን ነው?

ባለፈው ወር ስብሰባችን ላይ ከሁሉ ረዥም ጊዜ የወሰደው ቁጠባውም ብድሩም አልነበረም፤ አንዲት ቃል ነበረች። ጉልት የሚሸጡ አባሎቻችን ስለ መሸጫ ቦታቸው ለአንድ መሥሪያ ቤት የሚያስገቡት ደብዳቤ ርዕሱ ምን ይባል የሚል ክርክር ተነሣ። ጸሐፊያችን «ጉዳዩ፦ አቤቱታ ስለማቅረብ» ብላ ጽፋ ነበር። አንዲት እናታችን «ኧረ ልጄ፣ አቤቱታ ካልሽው እኮ ተጣላን ማለት ነው፤ ትብብር መጠየቅ በይው» አሉ። ሌላዋ «ልመና ነው እንጂ፣ ደሃ ምን አቤቱታ አለው» አለች። ሦስተኛዋ ግን ቱግ አለች፦ «እኔ አልለምንም! ዓመታት የተቀመጥኩበትን ቦታ ነው የምጠይቀው።» በመጨረሻ የጸሐፊያችን ቃል በድምፅ ብልጫ አለፈ። አንዳንዶቻችን ግን ልባችን ሳይረጋ ወደ ቤታችን ሄድን።

እኔ ደግሞ ቃል ሲጣል ማንሣት ልማዴ ነውና፣ «አቤቱታ» ከየት መጣ፣ ማን ለማን ሲለው ኖረ የሚለውን ለዚህ እትም ልጻፍ አልኩ። እኅቶቼ፣ ቃሉን ከሥሩ ካየነው የሦስተኛዋ እኅታችን ቁጣ ያለ ምክንያት እንዳልሆነ ይገባችኋል።

መጀመሪያ የቃሉን ጭራ እንያት። አማርኛ ሰው በአፉ የሚያወጣውን ድምፅ ወይም ቃል ወስዶ፣ በመጨረሻው ላይ «ታ» ቀጥሎ ስም የማድረግ ልማድ አለው። እልል ስንል እልልታ ይሆናል። እሪ ስንል እሪታ፣ ኡኡ ስንል ኡኡታ፣ እሺ ስንል እሺታ፣ እምቢ ስንል እምቢታ፣ ይሁን ስንል ይሁንታ። በችግር ጊዜ ምእመናን ተሰብስበው «እግዚኦ» የሚሉትም እግዚኦታ ይባላል። አቤቱታም የዚሁ ቤተሰብ ልጅ ነው፤ «አቤት» ወይም «አቤቱ» ማለት፣ ያንን ቃል ጮኾ ማሰማት ነው። ዛሬ አቤቱታ ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ወረቀት፣ ማኅተም፣ የመዝገብ ቁጥር ነው። ቃሉ ግን የተወለደው ከጉሮሮ ነው እንጂ ከወረቀት አይደለም። ከእልልታና ከኡኡታ ጋር አንድ ማጀት ያደገ ቃል ነው።

ታዲያ «አቤት» ራሱ ምንድን ነው? እዚህ ላይ አማርኛ አንድ የሚገርም ነገር ሠርቷል። አንዲት ልጅ እናቷ ስትጠራት «አቤት» ትላለች። እኩያዋ ስትጠራት ግን «ወይ» ብትል ነውር የለበትም። ስለዚህ «አቤት» የታናሽ መልስ ነው፤ «ሰምቻለሁ፣ እዘዙኝ» ማለት ነው። ይኸው ቃል ተገልብጦ ደግሞ የተበደለ ሰው ጥሪ ይሆናል። የተገፋው ሰው ወደ ትልቁ ዘንድ ሄዶ «አቤት! አቤት!» ሲል አሁን የሚጠራው እሱ ነው፤ መስማት ያለበት ትልቁ ነው። አንዱ «አቤት» ታዛዥነትን፣ ሌላው «አቤት» መብት መጠየቅን ይናገራል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው መስማት ነው። ብዙዎቻችን ከሕፃንነታችን ጀምሮ የመጀመሪያውን ብቻ ተለማምደን አደግን፤ ሁለተኛውን ግን ያስተማረን የለም።

በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ፣ በተለይ በመዝሙረ ዳዊት፣ «አቤቱ» የሚለው ቃል ግእዙ «እግዚኦ» በሚልበት ቦታ ይገባል፤ ጌታ ሆይ እንደ ማለት ነው። በቤተ መንግሥትም ለንጉሥ ዘር የሚሰጥ «አቤቶ» የሚባል ማዕረግ ነበረ። የሸዋን ነገሥታት ቤት የመሠረቱት አቤቶ ነጋሢ ክርስቶስ ይባሉ ነበር፤ ልጅ ኢያሱንም አቤቶ ኢያሱ የሚላቸው ብዙ ነው። የቃላቱን ቅርበት ጆሮ ያለው ሁሉ ይሰማዋል። ወደ ሰማይም ሆነ ወደ ዙፋን ይጩኹት፣ ቃሉ ያነጣጠረው ከላይ ወዳለ፣ ማድረግ ወደሚችል ሰው ነው። እንግዲህ የአቤቱታ አንዱ ባሕርይ ይህ ነው፤ ከታች ወደ ላይ የሚወረወር ጩኸት ነው።

ስለዚህ ጩኸት ጥንት ምን ይመስል እንደነበር ጎንደርን አይቶ የጻፈ ሰው አለ። ጄምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ በእኛ አቆጣጠር በ1760ዎቹ መጀመሪያ፣ በዳግማዊ ተክለ ሃይማኖት ዘመን፣ ጎንደር ተቀምጦ ነበር። እሱ እንደጻፈው ሰዎች ከማለዳ እስከ ማታ የንጉሡን በርና መስኮት ከበው፣ በየቋንቋቸው፣ በሚያሳዝን ድምፅ፣ ፍረድልኝ ጃንሆይ እያሉ ይጮኹ ነበር። እስካሁን ያለው የተለመደ ነው። የሚገርመው ቀጥሎ ያለው ነው። ክረምት ሲገባና ወንዝ ሞልቶ ከሩቅ የሚመጣ ባለጉዳይ ሲጠፋ፣ ንጉሡ ዝምታው እንዳይከብዳቸው ሥራ ፈቶች ተቀጥረው የውሸት አቤቱታ ይጮኹ ነበር ይላል።

እስቲ አስቡት፤ ተከፍሎት የሚያለቅስ! እኔ ይህን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅሁ፤ በኋላ ግን ነገሩን ሳየው ሳቄ ጠፋ። አቤቱታ የቤተ መንግሥቱ ጌጥ ሆኗል ማለት ነው። ንጉሥ ንጉሥነቱ የሚታወቀው ውጭ የሚጮኽ ሰው ሲኖር ነው። ጩኸቱ መሰማቱ አንድ ነገር ነው፤ መመለሱ ሌላ ነገር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ፒያሳ አካባቢ «እሪ በከንቱ» የሚባል ሰፈር አለ፤ ስሙ ራሱ አንድ ሙሉ የፍርድ ታሪክ ነው። ደግሞ ሌላ አባባል አለን፤ በዳዩ ቀድሞ ሲጮኽ ተበዳዩ «ጩኸቴን ቀሙኝ» ይላል። እንዲህ የሚል ሕዝብ ጩኸትን እንደ ንብረት የሚቆጥር ሕዝብ ነው። ከብት እንደሚቀማ ሁሉ ጩኸትም ይቀማል።

የሴቶቹስ ጩኸት የት ነበር? «ሴት በማጀት፣ ወንድ በችሎት» የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም። በድሮው ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ ቆመው፣ ዱላቸውን እያወዛወዙ፣ «በልሃ ልበልሃ» እየተባባሉ፣ «ተጠየቅ» እየተባለ፣ በግጥምና በሰምና ወርቅ ነበር የሚሟገቱት። ለዚህ አንደበትም፣ ልምምድም፣ አደባባይ የመቆም ባህልም ያስፈልጋል። ያ ሁሉ በወንዶች የተያዘ ነበር። ሆኖም አንድ ለሁሉም የተከፈተ በር ነበር፤ «በሕግ አምላክ» የሚለው ቃል። ይህን ያለ ሰው ወንድም ይሁን ሴት፣ ባለርስትም ይሁን ጭሰኛ፣ ያለበትን ጠብ ለማስቆም ይችላል። የተባለበት ሰው እጁን ካልሰበሰበ በሕግና በአምላክ ላይ እንዳመፀ ይቆጠራል፤ መንገደኛውም ይፈርድበታል። ከሳሽና ተከሳሽ የነጠላቸውን ጫፍ ቋጥረው አብረው ወደ ዳኛ ሲሄዱ ማየትም የተለመደ ነበር። ባለ ዕዳና አበዳሪ በሰንሰለት ሲቆራኙ ደግሞ ቁራኛ ይባላሉ። ዛሬ «የቁም እስረኛ፣ የዓይን ቁራኛ» የምንለው ከዚያ የቀረ ነው።

ማጀቱን ጥሰው አደባባይ ላይ ከተቃወሙ ሴቶች ስማቸው ጎልቶ የቀረው እቴጌ ጣይቱ ናቸው። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው ምኒልክ ቢፈልጉ በኢጣሊያ በኩል ከሌሎች መንግሥታት ጋር መላላክ ይችላሉ ሲል፣ በኢጣሊያንኛው ግን ግዴታ አድርጎት ነበር። የኢጣሊያው መልእክተኛ አንቶኔሊ ነገሩን ለማለስለስ ሲመጣ፣ እቴጌይቱ ፊት ለፊት ተቃወሙት። እርግጥ ነው፣ እቴጌ ሆነው የሚናገሩትና ጉልት ላይ ተቀምጠው የሚናገሩት እኩል አይሰማም። ያም ሆኖ ያ ክርክር ስለ አንድ ቃል የተደረገ ክርክር መሆኑ፣ «በአንዲት ቃል ይህን ያህል ሰዓት ምን አስፈጀን» ላለችው እኅታችን መልስ ይሆናታል።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን አቤቱታ ከጉሮሮ ወደ ወረቀት ተሸጋገረ። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥትም፣ የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም ለዜጋው አቤቱታ የማቅረብ መብት ሰጥተዋል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዙፋን ችሎት የሚባለውን ችሎት እየተሰየሙ ከፍርድ ቤቶች ሁሉ በላይ የመጨረሻውን አቤቱታ ይሰሙ ነበር። ዙፋን ችሎት መድረስ ያልቻለው ደግሞ ወረቀቱን ጠቅልሎ መኪናቸው የሚያልፍበት መንገድ ላይ ይጠብቃል፤ መኪናው ሲደርስ ይንበረከካል። ያን ዘመን ያዩ እናቶቻችን ዛሬም ይተርኩታል። ራሳቸው ንጉሠ ነገሥቱም አቤት ባይ የሆኑበት ቀን ነበር። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ስለ ወረራውና ስለ መርዝ ጋዙ በአማርኛ ተናገሩ። ከላይ ሆኖ ሲሰማ የኖረ ሰው ከታች ሆኖ ሲጮኽ ምን እንደሚመስል ዓለም ያኔ አየ። ማኅበሩ ሰማ፤ አልመለሰም።

ከወረቀቱ ጋር ማመልከቻ ጸሐፊዎች መጡ። በየፍርድ ቤቱ ደጅ ጠረጴዛና ወንበር ዘርግተው፣ ድሮ በብዕር፣ በኋላ በታይፕ፣ አሁን በኮምፒዩተር የሚጽፉ ሰዎች ናቸው። እነሱን ማማት አልፈልግም፤ ብዙ ሰው ረድተዋል። ግን አንድ ነገር አበላሽተውብናል ባይ ነኝ። «ከእግርዎ ሥር ወድቄ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ» የሚለውን አጻጻፍ ያስለመዱን እነሱ ናቸው። ሴትዮዋ በአፏ «ባሌ የደከምኩበትን ቤት ሸጠብኝ» ብላ ትነግረዋለች፤ ወረቀቱ ላይ ግን «ረዳት የሌለኝ ምስኪን» ሆና ትወጣለች። የተፈጸመው ነገር ሁለት መስመር ይሆናል፣ ልመናው አንድ ገጽ። ዳኛ የሚፈርደው በሁለቱ መስመር ነው።

በ1966 ዓ.ም. ደግሞ ቃሉ ራሱ ገሸሽ ተደረገ። ነገሩ የጀመረው ከእኛ ብዙም ሳይርቅ ነበር። ጥር ወር ላይ፣ ያኔ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር በነበረችው በነገሌ ቦረና፣ ወታደሮች ስለ ምግባቸውና ስለሚጠጡት ውኃ ብሶታቸውን አሰምተው ሰሚ ሲያጡ አለቆቻቸውን አሰሩ። ከንጉሠ ነገሥቱ የተላኩትንም ጄኔራል ይዘው እነሱ የሚበሉትን አበሏቸው። በወሩ አብዮቱ አዲስ አበባን አጥለቀለቀ። የውኃ አቤቱታ ነው ዙፋን የነቀነቀው። ከዚያ ወዲያ በየአደባባዩ የምንሰማው «አቤቱታ» ሳይሆን «ተቃውሞ»፣ «ሰልፍ»፣ «መፈክር» ሆነ።

እነዚህም ቃላት የየራሳቸው ሥር አላቸው። ተቃውሞ የመጣው ከ«ቆመ» ነው፤ መቃወም ማለት ፊት ለፊት መቆም ነው። አቤቱታ ተንበርክኮም ይባላል፤ ተቃውሞ ግን ሥሩ ራሱ ቁም ይላል። ሰልፍ ድሮ የጦርነት ተራ፣ ጦርነቱም ራሱ ነበር፤ «ሰላማዊ» የሚለውን ቅጽል ያስጨመረውም ይህ ሳይሆን አይቀርም። መፈክር ደግሞ ከፎከረ ነው፤ የጀግናው ፉከራ ጨርቅ ላይ ተጽፎ መፈክር ሆነ። እንግዲህ የአደባባይ ተቃውሞ ቃሎቻችን ከጦር ሜዳ የመጡ ናቸው፤ አቤቱታ ግን ከቤተ መንግሥት ደጅና ከቤተ ክርስቲያን። ከጦር ሜዳ የመጣ ቃል አንዳንዴ ወደ መጣበት ይመለሳል። እኛም ከተማ ዳር፣ ሎቄ ላይ፣ ግንቦት 16 ቀን 1994 ዓ.ም. የሀዋሳን አስተዳደር በተመለከተ የታሰበውን ለውጥ ተቃውመው የወጡ ሰልፈኞች ላይ ተተኩሶ ሰዎች ሞተዋል። የእነሱ እናቶች ዛሬም ከመካከላችን አሉና ነገሩን በዚህ ላቁም።

የፈረንጁን ቃል ያነሣሁት እንደሆነ፣ «ፕሮቴስት» የሚለው ከላቲን የመጣ ሲሆን በሕዝብ ፊት መመስከር ማለት ነበር። ስለዚህ ቃሉ ሁለት ነገር ይይዛል፤ «ይህ እውነት ነው ብዬ አረጋግጣለሁ» እና «ይህን አልቀበልም»። እ.ኤ.አ. በ1529 ጀርመን ውስጥ ሽፓየር በተባለች ከተማ የሉተርን ትምህርት የተከተሉ ጥቂት መሳፍንትና 14 ከተሞች የጉባኤውን ውሳኔ በጽሑፍ ተቃወሙ። የዛሬው «ፕሮቴስታንት» የሚለው ስም የወጣው ከዚያ ጽሑፍ ነው። ከመካከላችን ብዙዎቹ በዚህ ስም ይጠራሉ፤ ስማችሁ ማለት «መስክሮ የተቃወመ» ማለት እንደሆነ ስንቶቻችሁ ታውቁ ነበር?

ለእኔ ግን ከላቲኑ ይልቅ የሚማርከኝ ቅርባችን ያለው ነው። በሲዳማ ባህል አንድ ጉዳይ በሶንጎ፣ በሽማግሌዎች ሸንጎ፣ ከመወሰኑ በፊት «አፊኒ» ይባላል። ሰምታችኋል ወይ፣ አውቃችኋል ወይ እንደ ማለት ነው። ነገር ያለው ሰው ነገሩን በሰው ፊት ያወጣል፤ ሰሚዎቹም ሰምተናል ካሉ በኋላ እውነቱ፣ «ሃላሌ» የሚሉት፣ ይፈለጋል። ልብ በሉ፣ አቤት ወደ ላይ ይጮኻል፤ አፊኒ ዙሪያውን ይጠይቃል። አቤት ባዩ አንድ ጌታ ይፈልጋል፤ አፊኒ ባዩ ግን ምስክሮች ይፈልጋል። ሁለቱ አብረው ቢኖሩ ምን ያህል መልካም ነበር። ብዙ ጊዜ አቤቱታችን ከሽፎ የሚቀረው፣ ወደ ላይ ከመጮኻችን በፊት ጎረቤታችንን «ሰምተሻል ወይ» ስላላልን ነው።

የሲዳማ ሴቶች ደግሞ ከዚህም ያለፈ ነገር ነበራቸው። «ያካ» ይሉታል። አንዲት ሴት ከባሏ ወይም ከሌላ ሰው ግፍ ሲደርስባት፣ ሴቶቹ «ቃሪቾ» የምትባለውን መሪያቸውን አስቀድመው፣ «ሲቆ» የተባለውን በትር ይዘው በአንድነት ይወጣሉ። የበደለው ሰው ይቅርታ ጠይቆ እስኪክስ ድረስ አይለቁትም። ጎረቤቶቻችን የአርሲና የጉጂ ኦሮሞ ሴቶችም ሲንቄ አላቸው፤ እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን የምትሰጣት በትር ናት። አንዷ የሲንቄን ጩኸት ስታሰማ የሰሙት ሁሉ ልጁን፣ ከብቱን፣ ምድጃውን ትተው በትራቸውን ይዘው ይወጣሉ። ነገሩ እስኪያልቅ ቤት አይገቡም፤ ወንዶቹም የሚበላ ያጣሉ። ይህ እሪታ ነው፣ ግን በከንቱ አይደለም፤ ምክንያቱም አንዷ የምትጮኸውን ሁሉም ይጮኹታል። ያካም ሲንቄም ሴቲቱን «ማስረጃሽን አምጪ፣ ብቻሽን ቁሚ» አይሏትም። አብረዋት ይቆማሉ፤ ያ ነው መቃወም።

ወደ ዛሬው ሕግ ልመለስ፤ አንዳንዶቻችሁ የምትፈልጉት ይህን ነውና። በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 30 ስለ መሰብሰብና ሰላማዊ ሰልፍ ሲደነግግ አቤቱታ የማቅረብ መብትንም አብሮ አስቀምጦታል። አቤቱታ እንግዲህ ትብብር መጠየቅ አይደለም፤ ከሰልፍ ጋር በአንድ አንቀጽ የተጻፈ መብት ነው። አንቀጽ 37 ደግሞ የአባላቱን የጋራ ወይም የግል ጥቅም የሚወክል ማኅበር ስለ አባላቱ ፍትሕ መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል። ይህን አንቀጽ ሳነብ ያካ ትዝ ትለኛለች። በመንግሥት መሥሪያ ቤት አሠራር ለተበደለ ሰው በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ፤ በከተማችንም ቅርንጫፍ አለው። ስሙን የመረጠው ሰው ይባረክ! በሌላ አገር «ተመልካች» ወይም «ወኪል» የሚባለውን እኛ እንባ ጠባቂ አልነው። ቢሆንም ስሙ ትንሽ ቅር ይለኛል፤ እንባ ይዘን ብቻ እንጂ ቃል ይዘን የማንሄድ ያስመስለናል።

በፍርድ ቤት የምትገባው ወረቀት መጨረሻ ላይ አንድ መስመር አለች፤ «ይህ አቤቱታ እውነት መሆኑን በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት አረጋግጣለሁ» የምትል። አብዛኞቻችን ሳናነብ እንፈርማታለን። ላቲኑ በአንድ ቃል የያዛቸው ሁለት ነገሮች የሚገናኙት እዚህች ላይ ነው። ከላይ «ይህን አልቀበልም»፣ ከታች «ይህ እውነት ነው»። ሐሰት ጽፎ እዚህ ላይ መፈረም ያስጠይቃል። ጸሐፊው የጻፈላችሁን ሳታስነብቡ አትፈርሙ የምለው ለዚህ ነው። ማንበብ የማትችሉ ልጃችሁ ወይም የማኅበራችን ጸሐፊ ታንብብላችሁ።

አንድ ደግሞ አለ፤ ሴቶች ባለማወቅ የሚያጡት። ባል ተከሶ ተፈርዶበት፣ ወይም ከሦስተኛ ሰው ጋር ተሟግቶ፣ ሚስት ሳትሰማ ቤቱ በፍርድ ሊወሰድ ይችላል። ክርክሩ ውስጥ መግባት ይገባት የነበረች፣ መብቷም የተነካባት ሴት በዚያው ሕግ ቁጥር 358 መሠረት ፍርዱ ሳይፈጸም በፊት መቃወሚያ ማቅረብ ትችላለች። «መቃወሚያ» የሚለውን ስም አስተውሉ። ያው መቆም ነው። ግን ቤቱ ከተሸጠና ከተረከቡት በኋላ ሳይሆን ከዚያ በፊት ነው። «በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚለው ተረት ለሌላ ጉዳይ ጥሩ ነው፤ ለዚህ ጉዳይ ግን ቤት ያሳጣል።

በመጨረሻ ከደቡብ የተነሣ፣ በእኛ ከተማ ያለፈ አንድ መዝገብ ላንሣ። በከፋ፣ ቦንጋ፣ አንዲት አክስት እናቱ የሞተችበትን ሕፃን ወስዳ አሳደገች። ልጁ ካደገ በኋላ አባቱ ልጄን ስጡኝ ብሎ ከሰሰ። ሕጉ አንደኛው ወላጅ ሲሞት ሌላው አሳዳሪ ነው ይላል፤ ስለዚህ በክልሉ ያሉት ፍርድ ቤቶች ለአባቱ ፈረዱ። ከወረዳ ጀምሮ እስከ ክልሉ ከፍተኛ ሥልጣን ያለው ፍርድ ቤት ድረስ፣ እሱም ያኔ መቀመጫው ሀዋሳ ነበር፣ አክስቲቱ ተረታች። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «እንግዲህ የእግዜር ፈቃድ ነው» ብሎ ይመለሳል። እሷ ግን ወደ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ሄደች። ሰበር ማለት፣ ፈረንሳይኛውም እንደዚያው ነው፣ የተፈረደውን መስበር ነው። በመዝገብ ቁጥር 23632፣ በ2000 ዓ.ም.፣ ችሎቱ የታች ፍርዶችን ሰበራቸው። ከወላጅ መብት በፊት የሕፃኑ ጥቅም መታየት አለበት ሲል፣ ሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36ንና ዓለም አቀፉን የሕፃናት መብቶች ስምምነት ጠቅሶ ልጁ ካሳደገችው ጋር እንዲቆይ ወሰነ። የሰበር ችሎት የሚሰጠው ትርጉም በየደረጃው ያሉትን ፍርድ ቤቶች ሁሉ ስለሚያስገድድ፣ ከዚያ ወዲህ በሀገሪቱ ልጅ ለማን ይሰጥ የሚል ክርክር ሲነሣ ጠበቆች የአክስቲቱን መዝገብ ቁጥር እየጠሩ ይከራከራሉ።